ቤት ውስጥ ሚክስ ሲደረግ፦ ለማመሳከሪያ የሚከፈተው ዘፈን

ሪፈረንስ ትራክ የሚባለው አንድ ሙዚቃ ሚክስ ወይም ማስተር ሲደረግ ለማነጻጸሪያ ጎን ለጎን የሚደመጥ፣ ተጠናቆ ለአድማጭ የወጣ ሌላ ሥራ ነው። አስፈላጊነቱ ከጆሮ ጠባይ ይመነጫል። ጆሮ የሰማውን ቶሎ ይለምዳል፤ ከልክ ያለፈ ቤዝ ለረጅም ሰዓት ያዳመጠ ሰው ያንኑ ትክክለኛ መጠን አድርጎ መቁጠር ይጀምራል። ሌላ ዘፈን ለጥቂት ሰከንድ ሲሰማ ግን የለመደው ነገር ወዲያው ይጋለጣል።

ቤት ውስጥ ችግሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ ወይም ልደታ አካባቢ ባለ ኮንዶሚኒየም፣ በብሎኬትና በኮንክሪት የታጠረች አንዲት ክፍል ትታሰብ። ርዝመቷ 4 ሜትር ከሆነ 43 ሄርዝ አካባቢ፣ ወርዷ 3 ሜትር ከሆነ ደግሞ 57 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ አንዱ ጥግ ላይ ይገንናል፣ መሐል ላይ ሊጠፋ ይቃረባል። ኪክና ቤዝ ጊታር የሚኖሩት ደግሞ እዚያው ነው። የአካባቢው አውቶቡስና ሚኒባስ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ሲጨመር ቀኑን ሙሉ የማያቋርጥ ጉርምርምታ አለ። ይህ ጉርምርምታ ዝቅተኛውን ድምፅ ስለሚሸፍን ሠሪው ሳይታወቀው ቤዝ ይጨምራል፤ ቀን የተሠራው ሚክስ ሌሊት ሲከፈት የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። ሪፈረንሱ ግን በዚያው ስፒከር፣ በዚያው ግድግዳና በዚያው ጫጫታ ውስጥ ስለሚያልፍ ክፍሉ የሚያመጣው መዛባት በሁለቱም ዘፈኖች ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ልዩነት በአብዛኛው የሚክሱ ነው። ግድግዳ በስፖንጅ ለመሸፈን አቅም ያጣ ሰው ያለ ምንም ወጪ የሚያገኘው ትልቁ እርዳታ ይኸው ነው (ስስ ስፖንጅማ ቤዝን ንክች አያደርገውም)።

ንጽጽሩ የሚሠራው ግን የሁለቱ ድምፅ ጉልበት እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ጆሮ ዝቅተኛና ከፍተኛ ድምፆችን የሚሰማበት ሚዛን በጉልበቱ መጠን ይለዋወጣል፤ ድምፅ ሲጨምር ቤዙ የሞላ ይመስላል። አንድ ዲሲቤል እንኳ ብልጫ ያለው ዘፈን «የተሻለ» ተብሎ ይፈረድለታል። ሪፈረንሱ ማስተር የተደረገ ስለሆነ ከጥሬው ሚክስ በብዙ ይጮኻል። ስለዚህ የሚወርደው የሪፈረንሱ ፌደር ነው፤ የራስን ሥራ በሊሚተር ገፍቶ እሱ ላይ ለመድረስ መሞከር ሚክሱን ያበላሻል። መጠኑን ለማስተካከል ላፍስ (LUFS፣ የድምፅ ጉልበት መለኪያ) የሚለካ ነጻ ፕለጊን ይበቃል። ሪፈረንሱ የሚቀመጥበት ቻናልም በሚክሱ ማስተር ላይ ባሉት ኮምፕረሰርና ሊሚተር ውስጥ ማለፍ የለበትም፤ አለዚያ ሁለት ጊዜ ማስተር የተደረገ ዘፈን ማመሳከሪያ ሆነ ማለት ነው። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የከረመ ኤምፒ3ም ለዚህ አይሆንም፤ ላይኛው ድምፁ አስቀድሞ ተሸርሽሯል።

ዋናው ጉዳይ ምርጫው ነው። ብዙ የቤት ስቱዲዮዎች ያለ ማመንታት የሚከፍቱት የአሜሪካ ወይም የናይጄሪያ ሂት ነው። ለአፍሮቢትስ ሥራ ይህ ተገቢ ነው፤ በከበሮና በማሲንቆ ለሚሄድ ችክችካ ግን ያሳስታል። አማርኛ ዘፈን ላይ አድማጩ ግጥሙን ማጣት ስለማይፈልግ ድምፃዊው ከመሣሪያዎቹ ፊት ይቆማል። ኪክና ቤዝ የሚገዙትን ዘፈን የተከተለ ሰው ድምፃዊውን ይቀብረዋል። ማሲንቆ ደግሞ ከሰው ድምፅ ጋር ስለሚሻማ ምን ያህል ቦታ እንደሚለቀቅለት ሊያሳይ የሚችለው ማሲንቆ ያለበት ዘፈን ብቻ ነው።

የትኛው እትም እንደተመረጠም ልዩነት ያመጣል። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ከአይቤክስ ባንድ ጋር ተቀርጾ በካይፋ ሪከርድስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ በ1986 በቤልጂጉ ክራምድ ዲስክስ፣ በ1999 ደግሞ በኢትዮፒክስ ተከታታይ 7ኛ ቅጽ እንደገና ታትሟል። ዘፈኑ አንድ ቢሆንም ከሸክላና ከሲዲ የሚወጣው ድምፅ አንድ አይደለም። እንዲህ ያለ ሥራ የድምፃዊውንና የነፋስ መሣሪያዎቹን አቀማመጥ ለማጥናት ወደር የለውም፤ ለዛሬ ቤዝ ግን መለኪያ አይሆንም። ለቤዝ የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው አልበም ይሻላል፤ ፕሮዲውሰሩ ቢል ላዝዌል ራሱ የቤዝ ተጫዋች ነው።

ሲደመጥ አዝማች ከአዝማች፣ መግቢያ ከመግቢያ ጋር ይነጻጸራል፤ በአንድ ጊዜም አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል፦ ኪኩ ከቤዙ ምን ያህል ይበልጣል? ድምፃዊው የት ቆሟል? ሪቨርቡ መቼ ያበቃል? ሦስት ወይም አራት ሪፈረንስ ይበቃል። የሪፈረንሱን ኢኪው በራሱ ገልብጦ ሚክሱ ላይ የሚጭን ፕለጊን መጠቀም ግን አይመከርም፤ ያ ቅርጽ የዚያ ዘፈን ቁልፍና ቅንብር ውጤት ነው።

ማስተሪንግ ላይ ጥያቄው ወደ ጉልበት ይዞራል። ዩትዩብና ስፖቲፋይ ከ -14 ላፍስ አካባቢ በላይ የሚጮኸውን ሥራ ዝቅ አድርገው ያጫውታሉ፤ -8 ላይ የተጨመቀ ዘፈን 6 ዲሲቤል ያህል ይወርድና የሚቀርለት መጨመቁ ብቻ ነው። ከፍተኛው ጫፍ -1 ዲሲቤል ላይ ቢቆም ፋይሉ ሲጨመቅ ድምፁ የመሰንጠቅ ዕድሉ ይቀንሳል። ከዚያ ሥራው በስልክ ስፒከርና ወደ ጀሞ ወይም ወደ ሳር ቤት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ይሞከራል፤ እዚያም ሪፈረንሱ አብሮ መሄድ አለበት። ታክሲው ውስጥ የሁለቱም ቤዝ ከጠፋ ጥፋቱ የስፒከሩ ነው፤ የአዲሱ ብቻ ከጠፋ ወደ ሚክሱ መመለስ ነው።