ፉል ኦፕሽን

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ኑሮ ውድነት ስጽፍ የለመዳችሁኝ ሁሉ፣ ዛሬ ስለ መኪና መጻፌን ስታዩ «ይህ ሰው የሚለው አለቀበት» ማለታችሁ አይቀርም። በሉ፣ ግድ የለም። እኔ ግን ሌሎችን ስተችበት የኖርኩትን ነገር ባለፈው ሳምንት ከገዛ ቤቴ ደጃፍ ቆሞ ስላገኘሁት ዝም ማለቱ ከበደኝ።

ነገሩ የተጀመረው በተራ የሰርቪስ ቀጠሮ ነው። የምነዳት የ2025 ስሪት ሂዩንዳይ አዮኒክ 5 ናት። በኤሌክትሪክ የምትሠራ፣ ያውም «ሊሚትድ» የሚል ማዕረግ የተሰጣት፣ ከፊትም ከኋላም ሞተር ያላት። እኛ ሐበሾች ባጭሩ «ፉል ኦፕሽን» የምንላት ዓይነት። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጎማ ለማዘዋወርና የአየር ማጣሪያ ለማስቀየር ወስጄ ሳስረክባት፣ እግረ መንገዴን ራሴ ከመኪና ማቆሚያ ምሰሶ ጋር ያፋተግኩትን የጎን በር እንዲቀቡልኝ ጠየቅኩ። ስድስት ቀን ይፈጃል ተባለ። እስከዚያ የምነዳትንም የውሰት መኪና ሰጡኝ። ያችው አዮኒክ 5፣ ያው የ2025 ስሪት፤ ግን «ኤስኢ» የምትባለው ተራዋ። ሞተሯ አንድ ብቻ፣ እሱም ከኋላ፤ ወንበሯ ጨርቅ የለበሰ።

እውነቱን ለመናገር ቁልፉን ስቀበል የተናቅሁ መሰለኝ። ቸርኬዋ 19 ኢንች ነው፤ የእኔዋ 20። ጣሪያዋ ድፍን ቆርቆሮ ነው፤ የእኔዋ መስታወት። እሑድ ዕለት ሐበሾች ወደምንሰበሰብበት ምግብ ቤት ስንሄድ፣ በሩ ላይ ባዶ ቦታ እያለ ከሕንፃው ጀርባ ወስጄ አቆምኳት። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ለራሴም አልነገርኩትም፤ ባለቤቴ ግን ነገረችኝ። «ሰው እንዳያይህ ነው አይደል?» አለችና በባለ ተረከዝ ጫማዋ ያን ሁሉ መንገድ ሌላ ቃል ሳትተነፍስ ተራመደች።

በማግስቱ ፊላዴልፊያ ለቅሶ መድረስ ነበረብን። ከእኛ ቤት እዚያ ድረስ ወደ 130 ማይል ነው፤ ደርሶ መልስ 260። ይህን መንገድ በሊሚትዷ በሄድን ቁጥር መልስ ላይ አንድ ቦታ ቆመን ቻርጅ ማድረግ ልማዳችን ሆኗል፤ ሃያና ሰላሳ ደቂቃ፣ ቡና ከጠጣን ደግሞ ከዚያም በላይ። የውሰቷን ማታ ሰክቼ ሞልታ አደረች። ጠዋት ወጣን፤ ደረስን፤ አለቀስን፤ ተቀምጠን አጽናናን፤ ተመለስን። የትም አልቆምንም። ቤታችን ስንገባ ሰሌዳዋ ገና ሰላሳ ማይል ያህል እንደሚቀራት ያሳያል።

የዚያን ዕለት ማታ ከመግዛቴ በፊት ማየት የነበረብኝን ሠንጠረዥ ቁጭ ብዬ አየሁ። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መለኪያ መሠረት፣ ባለ 84 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪና ባለ አንድ ሞተሯ ኤስኢ አንድ ጊዜ ተሞልታ 318 ማይል ትሄዳለች። ያንኑ ባትሪ የተሸከመችው የእኔዋ ባለ ሁለት ሞተር ሊሚትድ ግን 269። ልዩነቱ 49 ማይል ነው፤ ከዋሽንግተን ተነሥቶ ባልቲሞር አድርሶ ትርፍ አለው። ምክንያቱም ምሥጢር አይደለም። ሁለተኛው ሞተር ክብደት ነው። በማያስፈልግበት ጊዜ ከጎማው የሚነጠልበት ዘዴ አለው፤ ብረቱ ግን የትም አይሄድም፣ ተሸክመነው እንዞራለን። ትልቁ ቸርኬና ሰፊው ጎማም የየራሳቸውን ድርሻ ከባትሪው ላይ ይቆርሳሉ። እንግዲህ ብዙ ከፍዬ የገዛሁት አጭር መንገድ ኖሯል።

ፈጣን ቻርጀር ላይ ሁለቱም ከ10 በመቶ እስከ 80 በመቶ ለመሙላት የሚፈጅባቸው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ግጭት ሲመጣ በራሱ ፍሬን የሚይዘው መሣሪያ በሁለቱም አለ። ከፊት ያለውን መኪና እየተከተለ ፍጥነቱን የሚያስተካክለውም እንደዚሁ። በክረምት የሚሞቀው የፊት ወንበር ሳይቀር ተራዋ ላይ አለ። ለፍትሕ ስል የሊሚትዷን ወገንም ልናገር፦ 225 የነበረው የፈረስ ጉልበት በሁለት ሞተር 320 ይሆናል፤ በረዶ ላይ አራቱም ጎማ መግፋቱ ደግ ነገር ነው፤ ፍጥነትህን በፊት መስታወቱ ላይ ማየትም ዓይንህን ከመንገዱ ሳትነቅል ለመንዳት ይረዳል። መኪናዋን ከሰማይ የምታያት ይመስል ዙሪያዋን የሚያሳይ ካሜራም አላት። ምሰሶውን የታከክሁት ግን ይኸው ካሜራ እያየኝ ነው።

ዋጋውስ? ሁለተኛውን ሞተር ትተን ማዕረጉን ብቻ ብንቆጥር፣ በኤስኢና በሊሚትድ መካከል ያለው ልዩነት ከ7 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። መኪናዋን የገዛሁት በ2025 የጸደይ ወራት ነው፤ የፌዴራሉ መንግሥት ለአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዥ የሚሰጠው የ7,500 ዶላር የግብር ቅናሽ ገና ሳይነሣ። (ቅናሹ በዚያው ዓመት ሐምሌ በጸደቀው ሕግ መስከረም 30 ቀን አብቅቷል፤ ሁሉም አቆጣጠር እንደ አውሮፓውያኑ ነው።) ያኔ ቅናሹ በመሰረዙ በዚሁ ገጽ ላይ ቁጣዬን ያፈሰስኩ ሰው ነኝ፤ ለሕዝብ ጤና የታሰበ ገንዘብ ተቀማ ብዬ። እስቲ የእኔን ድርሻ እንመርምረው። መንግሥት የረዳኝ ቤንዚን እንዳላቃጥል ነው፤ ቤንዚን ላለማቃጠል ደግሞ ኤስኢ ትበቃኝ ነበር። የሕዝቡ 7,500 ዶላር እኔ ዘንድ ሲደርስ ምን ሆነ? የመስታወት ጣሪያና ቸርኬ ሆነ። የእኔን መሰል ስንት ሰው ይኖር ይሆን? አላውቅም፤ የራሴን ግን አወቅሁ።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ሌላ ነው። የቆዩ አንባብያን ታስታውሳላችሁ፤ ስለ «ቪኤይት» ስንት ጽፌአለሁ? የሀገራችን ሹም ወንበሩን ከመያዙ በፊት መኪናውን ይይዛል፣ ሥራው የሚታወቀው በጎማው ስፋት ነው፣ ስኳር በወረፋ የሚገዛ ሕዝብ መካከል በላንድ ክሩዘር ይንሳፈፋል እያልኩ በየዓመቱ የወቀስኩ እኔ ነኝ። የወቀስኩትም እውነት ነበር። ነገር ግን ያ ሹም መኪናውን የሚፈልገው ለምን ነበር? በምግብ ቤቱ በር ላይ ለማቆም አይደለምን?

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ እሱ ነውና።

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። ለረዥም ዓመታት የሠራበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ተቀነሰ፤ አሁን መኪና ገዝቶ በስልክ በሚጠራው ታክሲ ሊሠራበት አስቧል። እንደምታውቁት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ አዲስ መኪና ልግዛ ያለ ሰው ምርጫው ኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲባል ደግሞ በአብዛኛው የቻይና ስሪት ነው። (የእኔዋን አዮኒክ የምትቀድመው፣ ስሟን የምትጋራው አዮኒክ እ.ኤ.አ. በ2020 በሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተር ተገጣጥማ አዲስ አበባ ላይ ታይታ ነበር። ስለ ቃኘው ሻለቃና ስለ ኮሪያ ዕድገት የተለመደውን ቁጭት እዚህ አልደግመውም፤ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን።)

ከወር በፊት ደውሎ ሁለት መኪና እንደቀረበለት ነገረኝ። አንዷ ባዶዋ፣ ሌላዋ ፉል ኦፕሽን። «ወንድምጋሼ፣ የትኛዋ ትሻላለች ይላሉ?» አለኝ። እኔም ሳላስብ፣ ስለ ባትሪውም ሳልጠይቅ፣ «ከገዛህ አይቀር ፉሏን ግዛ፣ ልዩነቱን እኔ እችላለሁ» አልኩት። ለጋስነት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ታናሽ ወንድሜ በተራ መኪና ሲዞር የእኔ ስም እንዳይነሣ ፈርቼ ነው።

ከፊላዴልፊያ በተመለስኩ ማግስት ደወልኩለትና ያን ጊዜ ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት። ሰውዬው ሦስተኛ መኪናም አለችው ለካ! ባትሪዋ እንደ ፉሏ ትልቅ፣ ጌጧ ግን እንደ ባዶዋ ትንሽ። ደላላው «እሷን ማንም አይፈልጋትም» ብሎት አልፏታል። ወረቀትና እርሳስ ይዤ አብረን አሰላን። የቻይናው መለኪያ ከአሜሪካው ይልቅ ለጋስ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር በሙሉ አትመነው አልኩት። እንዲህ ያለ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር ከሞላ ጎደል 18 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። በቀን 150 ኪሎ ሜትር ቢሠራ 27 ማለት ነው። ቤቱ ያለው ተራ ማከፋፈያ፣ 220 ቮልት በ10 አምፔር፣ በሰዓት የሚሰጠው 2.2 ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ መብራት ሳይጠፋ ቢያድር 26። ገቢና ወጪው ለጥቂት አይገጥምም፤ መብራት አንድ ሌሊት ከጠፋ ደግሞ ጨርሶ ይፈርሳል። ባትሪ ቢገዝፍ ሌሊቱ አይረዝምም። ትልቁ ባትሪ የሚጠቅመው መብራት የጠፋበትን አንድ ወይም ሁለት ቀን ለመሻገር ነው፤ ያ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ቢኖረውም፣ ወንድሜ መኪናውን የሚሰካው ግድቡ ላይ አይደለም፤ የሰፈሩ ሽቦ ላይ ነው።

የሚሞቅ ወንበር ለአዲስ አበባ ምን ያደርጋል? ሰፊ ቸርኬና ስስ ጎማስ ለኮብልስቶንና ለጉድጓድ? ለእኔ ማይል የቀነሰብኝ ለእሱ ጎማ ይቀድበታል። «ትልቅ ባትሪ ያላትን ተራዋን ያዝ» አልኩት። «እኔም ቃሌን አላጥፍም፤ ለጌጡ ልልክ ያሰብኩትን ገንዘብ ለቤት ቻርጀር አድርገው።» ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር በግድግዳው ላይ ቢያስገጥም የቀኑን ፍጆታ በአራት ሰዓት ይመልስለታል፤ መብራት ግማሽ ሌሊት ቢጠፋ እንኳ ሥራ አይፈታም።

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ያለኝን እንዳለ ላስፍረው።

«ወንድምጋሼ፣ እርስዎ ፉሏን እየነዱ ነው እኔን ተራዋን ያዝ የሚሉኝ?»

መልስ አልነበረኝም። የውሰት መኪናዋን ታሪክ ነገርኩት፤ ሳቀ፤ በተለይ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ማቆሜ በጣም አሳቀው። ቀጥሎ ግን እኔ የማላውቀውን ነገረኝ። ፉል ኦፕሽን ነገ ሲሸጥ ቶሎ ገዥ ያገኛል፤ ተራዋ ቆማ ትከርማለች። ደንበኛ በስልክ ሲጠራ መጥታ የምትቆመውን መኪና አይቶ ነው ኮከብ የሚሰጠው። ለቻርጀሩ ደግሞ የቤቱ ቆጣሪ ይችለው እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ ግቢውን ከአክስታችን ጋር ስለሚጋራ እሷም መስማማት ይኖርባታል። «እርስዎ ያሉት ስሌቱ ልክ ነው» አለኝ፤ «ሰዉ ግን በስሌት አይገዛም።» ስንት ጊዜ ነው እኔ ከዚህ ሆኜ ለዚያ ሀገር መፍትሔ የጻፍኩት፣ ሰዉ በስሌት ያድር ይመስል? ይህን ጥያቄ ለጊዜው እንዳለ ልተወው።

መኪናዬ ትናንት ተቀብታ አለቀች። የውሰቷን ስመልስ የቆጣሪውን ንባብ የመዘገበው ልጅ «ሊሚትድዎን ናፍቀው ይሆናል» አለኝ። ሁለቱን የምለዋወጥበት መንገድ እንዳለ ጠየቅሁት፤ የቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያውቅ ኮምፒውተሩ ላይ ገብቶ አየልኝ። ያገለገለች ሊሚትድ አስረክቤ አዲስ ኤስኢ ብወስድ የምከስረው ገንዘብ ወንድሜን ሁለት ቻርጀር ይገዛለታል። ስለዚህ ሊሚትዷን ይዤ ወጣሁ፤ መስታወቱ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ነበር፣ ያማረ ፀሐይ።

ወንድሜ የሰጠው ቀብድ በፉሏ ስም ነው። ሻጩ ወደ ሌላዋ ለማዛወር እስከ ዓርብ ይጠብቀዋል። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ አክስታችንም ስለ ቆጣሪው ገና መልስ አልሰጠችም።