የማን ልጅ ነህ?

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከተማዋ ገና ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብዙ አልራቀችም ነበር። የእኔ ልጅነት ከፋብሪካው ፈረቃ ጋር የተቆራኘ ነው። የማታው ፈረቃ ሲለቀቅ ወንዶቹ በብስክሌት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው በቡድን በቡድን ሆነው በጨለማው ወደየሰፈራቸው ይገቡ ነበር። እናቴ ከእነሱ አንዷ ነበረች። መብራት ያለበት መንገድ ጥቂት ነው፤ ግን «ዛሬ ማን ይሸኘኛል?» ስትል ሰምቻት አላውቅም።

ሌባ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ዶሮ ይሰረቃል፤ ከገመድ ላይ አንሶላ ይነሳል፤ ገበያ መሐል ኪስ ይወልቃል፤ የአጥማጁ መረብ ቆሮሶና አምባዛ እንደያዘ ሌሊት ከጣና ሐይቅ ይጠፋል። ይሁንና ሌባው ከነሰፈሩ ይታወቅ ነበር። ለማይታወቅ ሰው ደግሞ አንድ ጥያቄ ነበረን፦ «የማን ልጅ ነህ?» ሽማግሌው ይጠይቃል፣ ጠላ ሻጯ ትጠይቃለች፣ የሱቁ ዘበኛ ይጠይቃል። የመለሰ ሰው፣ መልሱ «ማንም የለኝ» ቢሆን እንኳ፣ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ የሰፈር ሰው ይሆናል።

ደጅ የሚያድር ያኔም ብዙ ነበር። ባሕር ዳር የጣና ገዳማት በር ናትና የቆሎ ተማሪና መናኝ አይጠፋባትም። ደበሎ የለበሱት ተማሪዎች ጠዋት አኮፋዳቸውን አንጠልጥለው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ሲዞሩ ውሻ ይነክሳቸዋል እንጂ ሰው አያባርራቸውም። ከዘጌ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነው የመጡ ሰዎች ነፋስ ሲነሳባቸው ሐይቁ ዳር ያድራሉ። ነገደ ወይጦዎች ጎጇቸው እዚያው ዳር ላይ ነበር። እነሱን ግን ጉማሬ ይበላሉ እያለ ሰው ይጸየፋቸው፣ አብሯቸው ማዕድ አይቀርብም ነበር። ይህን ሳልናገር ብቀር ትዝታዬ ውሸት ይሆናል። የእኛ ደግነት ሁሉንም አላዳረሰም።

ከሁሉም አብልጬ የማስታውሰው አንድ ተሸካሚ ነው። ስሙን አልጽፈውም። አንድ የአረብ ሱቅ በረንዳ ላይ ያድራል፤ ቀን ጆንያ ይሸከማል፣ ማታ ጆንያ ለብሶ ይተኛል። የትኛው ፈረቃ መቼ እንደሚወጣ፣ የትኛዋ ሴት በየትኛው መንገድ እንደምትገባ ያውቃል። ሌሊት «ኡኡ» ከተባለ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው፤ ዘበኛው ካፖርቱን አስተካክሎ ዱላውን እስኪያነሳ እሱ ሌባው ላይ ደርሷል። ብስክሌት አስጥሏል፣ የተሰረቀ በግ መልሷል። ጠጅ ቤት ተጣልቶ ጣቢያ ሲገባ የሱቁ ባለቤት ዋስ ሆኖ ያስፈታዋል። በዓል ሲሆን እናቴ ወደ ቤት ትጠራዋለች፤ አንድም ቀን ደጅ ላይ አላበላችውም። በሞተ ጊዜ፣ ወርኃዊ መዋጮ ከፍሎ የማያውቀውን ሰው ዕድሩ ድንኳን ተክሎ ቀበረው፤ የፋብሪካ ሴቶችም አለቀሱለት።

ፖሊስ አልነበረም አይባልም። ከጣሊያን መውጣት በኋላ ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 ተቋቁሟል። እኛ ሰፈር ግን የምናያቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ በእግራቸው ይዞራሉ፣ አብዛኛው ጠብም ጣቢያ ሳይደርስ በሽማግሌ ያልቃል። ከዚያ በፊት ደግሞ ገጠሩ አውጫጭኝ ነበረው፤ አያቴ ያን ሲተርክ ፊቱ ይጨልማል። ከብት ሲጠፋ ወይም ቤት ሲቃጠል ያገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ «ወፍ» የሚባለው በስውር የሚጠቁም ሰው ጥፋተኛውን እስኪያወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። እርሻ ይፈታል፣ በቂም የተጠቆመ ንጹሕ ሰውም ዕዳ ይከፍላል። መተዋወቅ ሰውን እንደሚያድን ሁሉ እንደሚያጠፋም አያቴ ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

እኔ የተማርኩት በኋላ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ መጣ። ከቀበሌው ጋር ሮንድ መጣ፤ መጀመሪያ ሰፈሩን ከሌባ መጠበቅ ነበር ሥራው፣ ወጣቶች ተራ ገብተው ሌሊቱን ይዞራሉ። 1969 እና 1970 ሲደርሱ ግን ያ የኖርንበት ጥያቄ በአብዮት ጥበቃ አፍ ገባ። ጠመንጃ ይዞ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ሰው የሚፈልገው ሌላ መልስ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሄደ፣ ማን ወረቀት እንደበተነ፣ የማን መብራት ሌሊት እንዳልጠፋ የሚያውቀው ጎረቤት ነበርና የሚጠየቀውም ጎረቤት ሆነ። በረንዳ አዳሪው እንኳ ሌሊት ያየውን እንዲናገር ይያዝ ጀመር። በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙ በ1970 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ 75 እስረኞች እንዲገደሉ በማዘዙ፣ በ2010 ዓ.ም. ሄግ በሚገኝ የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። እነዚያ ወጣቶች ሁሉ የሆነ ሰፈር ልጆች ነበሩ፤ ስማቸውን አውቆ ያስያዛቸው ሰው ነበረ።

ከዚያ በኋላ ሰው ጎረቤቱን ማወቅ ፈራ። ብዙዎች የከተማችን ሰላም የጠፋው ሕዝብ ሲበዛ፣ ባጃጅ ሲመጣ፣ ሥራ አጥ ሲጠራቀም ነው ይላሉ። እኔ ስብራቱን ከዚያ አስቀድሜ ከቀይ ሽብር እቆጥረዋለሁ። አጥር ከፍ ያለው፣ በር በጊዜ የተዘጋው፣ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብልህነት የሆነው ያኔ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ረሀብ ያፈናቀላቸው ሲመጡ፣ ከመተከል ሰፈራ የጠፉትም ሲጨመሩ፣ እንጀራ ሰጠናቸው እንጂ ማን እንደሆኑ አልጠየቅንም። በየካቲት 1983 ከተማዋ በኢሕአዴግ እጅ ገባች። የተበተነው የደርግ ጦር ወታደሮች የሠራዊት ካፖርታቸውን እንደለበሱ በየበረንዳው ሲተኙ ደግሞ ዓይናችንን መለስን። ብዙዎቹ ያገራችን ገበሬ ልጆች ነበሩ።

ስለዚህ በ1996 ዓ.ም. አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 384 ሲወጣ ለበረንዳ አዳሪው የሚከራከር አልነበረም። መሥራት እየቻለ የሚታይ መተዳደሪያ የሌለው ሰው አዋጁ ከዘረዘራቸው ድርጊቶች በአንዱ ከተገኘ አደገኛ ቦዘኔ ይባላል። የተያዘ ሰውም በዋስ አይለቀቅም። ተሸካሚው ወዳጃችን በዚህ ዘመን ቢሆን የሱቁ ባለቤት ዋስ ልሁነው ብሎ ጣቢያ ቢሄድ ምን ይጠቅመው ነበር? የሚያውቅህ ሰው ቃል ከሕጉ ወጥቷል። ማስቲሽ እየሳበ የሚያድረው ልጅና ማታ ሴት የሚቀማው ማጅራት መቺ በአንድ መኪና ሲጫኑ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ከመንገደኛው «ይህኛው ሌባ አይደለም» ብሎ የቀረበ የለም።

የሐይቁ ዳርም ተዘጋ። ሆቴልና መዝናኛ ሲሠራበት ወይጦዎቹ ከዳሩ እየተነሡ ወደ ጠባብና ጭቃ ሰፈር ተገፉ፤ ታንኳቸውን የሚያስጠጉበትና ደንገል የሚያጭዱበት ቦታም አጠረ። ሌሊት ከሐይቁ ዳር የሚያድር ዓይን ከጠፋ በኋላ ቦታው የተጠበቀ ሳይሆን የሚፈራ ሆነ። ዘበኛ የሚጠብቀው የተቀጠረበትን አጥር ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ኡኡታ ሲሰማ በሩን ይዘጋል።

ነሐሴ 2015 ላይ በክልላችን በተነሳው ጦርነት ምክንያት ባሕር ዳር ሰዓት እላፊ ታወጀባት። ሲመሽ ሁሉም ወደ ቤቱ እንዲገባ ተነገረን፤ ገባን። መናኸሪያው አካባቢ የሚያድሩት ልጆች ግን የሚገቡበት አልነበራቸውም። አንድ ማታ ከቤቴ ከተሰበሰቡ ጎረቤቶቼ ጋር ተኩስ እያዳመጥን «እነዚያ ልጆች የት ገብተው ይሆን?» አልኩ። ሄዶ የሚፈልጋቸው ሰው ቢገኝ እንኳ ማንን ብሎ ይጣራል? ሁላችንም በየቀኑ እናያቸዋለን፤ የአንዳቸውን ስም የሚያውቅ ግን ከመካከላችን አልተገኘም።