ባቡር የሸሸው ዳገት
ከድሬ ዳዋ እስከ ደንገጎ በቢስክሌት

ድሬ ዳዋን በወሬ ብቻ የሚያውቃት ሰው ስለ እርሷ ሲናገር አስቀድሞ ሙቀቷን ያነሣል፤ ኖሮባት ያየ ሰው ግን ከሙቀቷ ይልቅ ሜዳነቷን ያወሳል። የከዚራ ጎዳናዎች በገመድ እንደ ተለኩ ቀጥ ብለው የተዘረጉ፥ ከግራና ከቀኝ የቆሙት ዛፎች ጥላቸውን የጣሉባቸው፥ ለእግረኛም ለቢስክሌትም የተመቹ ናቸው። እኛ ልጆች በነበርንበት ዘመን ሳንቲም ያገኘ ልጅ ሁሉ ቢስክሌት በሰዓት ተከራይቶ ከለገሃር ፊት እስከ ጎዳናው ጫፍ ይመላለስ ነበር። ዛሬ ባጃጁ ቢበዛም፥ በማለዳ የወጣ ሰው በቢስክሌት ወደ ሥራው የሚሄድ ሽማግሌ ማየቱ አይቀርም። እኔም ዕድሜዬ ከአርባ ካለፈ በኋላ ወደዚህ የልጅነት ጨዋታ የተመለስሁበትን ምክንያት ለአንባብያን ልገልጽ አስቤአለሁ፤ ምናልባት በቤቱ ታማሚ ላለው ሰው ይጠቅመው ይሆናል።

ከተማችን የተወለደችው ከዳገት የተነሣ ነው። የምድር ባቡሩ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ በተጀመረ ጊዜ የታሰበው ሐረር ለመድረስ ነበረ። ነገር ግን ከቆላው ሜዳ ወደ ሐረር ደጋ የሚያወጣው ተራራ እጅግ የከበደ፥ ወጪውም የበዛ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ደረሰና ከተማዪቱ ተቈረቈረች። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ ሐረር ብለው ሰይመዋት ነበር፤ ይሁን እንጂ ድሬ ዳዋ የሚለው ስም ረታ። ሐዲዱም ተራራውን በግራ ትቶ በቆላው በኩል እየተጓዘ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፥ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር እንኳ ሐረርን ሳይነካ ያልፋል። እንግዲህ ባቡር የሸሸውን ዳገት አንድ በሽተኛ ሰው በእግሩ ጉልበት እወጣዋለሁ ሲል የሰማ ቢስቅ አይፈረድበትም።

ሕመሜ የስኳር ሕመም ነው። ሥራዬ በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍና ማደራጀት ስለ ሆነ ቀኑን ሙሉ ከወንበር ላይ እውላለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥም ጸናብኝ፤ ሌሊት ሌሊት ሽንት እየደጋገመ ያስነሣኝ ጀመር፤ ልብሴም ሰፋኝ። እኔ ግን በድሬ ዳዋ ውኃ የማይጠማው ማን ነው? ብዬ ነገሩን በሙቀቱ አሳበብሁ። በዚህ ምክንያት ወራት አለፉ። በመጨረሻ ሐኪም ደሜን መርምሮ ሕመሙን በነገረኝ ጊዜ ይግባኝ የሌለው ፍርድ እንደ ተነበበበት ሰው ሆንሁ። መጀመሪያ ኪኒን ታዘዘልኝ፤ ኪኒኑ ብቻውን ባይበቃ ኢንሱሊን ተጨመረ። ሐኪሙም፥ ይህ በሽታ የሚለቅ ባይሆንም የሚገራ ነው፤ ከመድኃኒቱና ከምግቡ ጋራ ግን ሰውነትህን ማንቀሳቀስ አለብህ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንበላው እንጀራም ዳቦም በሆድ ውስጥ ወደ ስኳርነት ተለውጦ በደም ይዞራል። ስኳሩ ከደም ወደ ሥጋ ገብቶ ኀይል ይሆን ዘንድ ከቆሽት የሚወጣ ኢንሱሊን የተባለ ንጥረ ነገር ያስፈልጋል። እርሱ ሲጐድል ወይም ሥጋው አልታዘዘው ሲል፥ ስኳሩ በደም ውስጥ ተከማችቶ ዓይንን፥ ኩላሊትን፥ ልብንና እግርን ይጐዳል። ሰው ሲንቀሳቀስ ግን የሚሠራው ጡንቻ ስኳሩን ከደም እየሳበ ይወስዳል፤ ይህም ቶሎ አያቆምም፤ ከድካሙ በኋላ እስከ ማግሥቱ ድረስ ሊቀጥል ይችላል። የቢስክሌት ጥቅሙ ከዚህ ነው፤ አደጋውም ከዚሁ ነው፤ ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ሳይበላ ቢደክም የደሙ ስኳር ከልክ በታች ይወርድበታልና።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ በከዚራ ጥላ ሥር መመላለስ በበቃኝ ነበር። ነገር ግን በሰፈራችን አንዲት ባሏ የሞተባት እናት አለች፤ ልጅዋ የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጅ ናት። የዚህች ልጅ ሕመም ከእኔ የከፋ ነው፤ ቆሽቷ ኢንሱሊን ማፍለቁን ስላቆመ ያለ መድኃኒቱ ልትኖር አትችልም። እናትየዋ ገንዘብ ሲያጥራት መድኃኒቱ እንዲሰነብትላት መጠኑን እየቀነሰች ትወጋት እንደ ነበር ለባለቤቴ አልቅሳ ነገረቻት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ ከአራት ወዳጆቼ ጋራ ተመካክረን፥ በሚመጣው ኅዳር ከድሬ ዳዋ እስከ ሐረር በቢስክሌት ለመሄድና ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ለምንሄደው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚቻለውን ያህል እንዲሰጥ ለመለመን ተስማማን። ገንዘቡን የዕድራችን ዳኛ እንዲይዝልን፥ በእርሱም ለዚህች ልጅና እርሷን ለመሰሉ ልጆች ኢንሱሊን፥ መርፌና የደም መመርመሪያ እንዲገዛ ቈረጥን።

መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ዋናው ፈተና ግን መጀመሪያው ነው። ድሬ ዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፥ ደንገጎን ወጥቶ የሚገኘው ደጋ ወደ 2,000 ሜትር ይደርሳል።

ልምምዱን በሜዳው ጀመርሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ደሜን እመረምራለሁ፤ ጥቂት በልቼ፥ ፀሐይ ሳትወጣ ከከዚራ ተነሥቼ የደቻቱን ድልድይ ተሻግሬ ወደ መጋላ እገባለሁ። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ግመልና አህያ ይሻገረዋል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት ከደጋው የወረደው ጐርፍ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን በተኙበት ወስዶብናል፤ ስለዚህ ድሬ ዳዋ የኖረ ሰው ደረቅ ወንዝ አያታልለውም። የስኳርን ሕመም ሳስብ ይህ ወንዝ ይታወሰኛል፤ ሳይሰማ ከርሞ በአንድ ሌሊት የሚመጣ ነውና።

ከመጋላ ወደ ቀፊራ ገበያ ስደርስ የቡናውና የቅመማ ቅመሙ ሽታ ይቀበለኛል፤ ፈጢራ የሚጋግረው ሰው ማሩን ሲያፈስበት፥ ሙሸበኩም በትሪ ተደርድሮ ሳይ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። ከዚያ ወደ ሳቢያን ዞሬ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከቤቴ እመለሳለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው የድሬ ዳዋ ፀሐይ የሚደፈር አይደለም።

ሙቀቱ ሰውን ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱንም ይጐዳል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን፥ ማቀዝቀዣም በሌለበት ቤት ይህ ጭንቅ ነው። በዚህ ጊዜ የአያቶቻችን ሸክላ ይረዳናል። ሁለት ማሰሮ ወስዶ አንዱን ካንዱ ውስጥ ማግባት፥ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቶ ውኃ ማርከፍከፍ፥ ከላዩ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ ነፋስ በሚነፍስበት ጥላ ማኖር ነው። ውኃው እየተነነ ሲሄድ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። እንደ ማቀዝቀዣ ባይሆንም በመጠቀም ላይ ያለውን ብልቃጥ ከትኩሳት ያድነዋል። ባለቤቴ ይህን ለእኔ ከሠራች በኋላ ለዚያች እናትም ከደቻቱ አሸዋ አስመጥታ ሠርታላታለች።

ከሁለት ወር ልምምድ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ወደ ደንገጎ ወጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እንደ ወትሮው ኢንሱሊኔን ወግቼ፥ ፀሐይ እንዳትቀድመኝ ብዬ ቁርሴን ግማሽ በልቼ ተነሣሁ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ከላይ ጫት የጫኑት መኪናዎች እንደ ንፋስ ይወርዳሉ። ከግማሽ በላይ ከወጣሁ በኋላ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ላብ ያለ ልክ ወረደኝ፤ መንገዱም ሁለት መስሎ ታየኝ። ከቢስክሌቱ ወርጄ ከድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፤ ኪሴ ውስጥ ስኳር እንዳለ እያወቅሁ እጄ ሊታዘዘኝ አልቻለም። ሁለት ወጣቶች፥ በጠዋቱ የሰከረ ሰው! ብለው ሥቀው አለፉ።

ከእነርሱ በኋላ ብርቱካን ተሸክመው የሚሄዱ አንዲት አሮጊት ደረሱ። ፊቴን አይተው ሸክማቸውን አወረዱና፥ ሂን ሶዳቲን፥ ኦቦሌሳ ኮ፤ አትፍራ ወንድሜ ማለታቸው ነው፤ እያሉ ሁለት ብርቱካን ጨምቀው አጠጡኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዓይኔ ተከፈተ። ዋጋውን ልከፍል ብል፥ በሽተኛ ይከፍላልን? የሚል ቃል በቁጣ መለሱልኝ። የእርሳቸውም ወንድም በዚሁ ሕመም እንደ ሞተ ነገሩኝ፤ ሰካራም መስሎአቸው ማንም አላነሣውም ነበር። እናቴ ብዬ እጃቸውን ሳምሁ።

ቤቴ ስመለስ ልደብቅ አስቤ ነበር፤ የጉልበቴ መላላጥ ግን አጋለጠኝ። ባለቤቴ አልተቆጣችም፤ ዝም አለች፤ ዝምታዋም ከቁጣ ይበልጥ ከበደኝ። ከዚያ በኋላ፥ አንተ ሰው፥ ለሰው ልጅ መድኃኒት ልትገዛ የራስህን ልጆች ያለ አባት ልታስቀር ነውን? አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እርሷ ግን፥ ተወው ሳትል፥ ሕግ አወጣችልኝ፤ እንደ መዝገብ ጸሐፊነቴ ጽፌ ከግድግዳ ለጠፍሁት።

ሕጉም ይህ ነው። ብቻዬን አልወጣም። ከመነሣቴ በፊት፥ በመንገድና ከመጣሁ በኋላ ደሜን እመረምራለሁ። በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ቢወርድ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጬ እጠጣለሁ፤ 15 ደቂቃ ቆይቼ እንደ ገና እመረምራለሁ። በምወጣበት ቀን የመድኃኒቱ መጠን ሐኪሙ እንዳዘዘው ይቀነሳል፤ የሚሠራ ጡንቻ መድኃኒቱን ፈጥኖ ስለሚያሰራጨው፥ መርፌውን ከጭኔ ሳይሆን ከሆዴ እወጋለሁ። ማታ ሳልበላ አልተኛም። እግሬን በየቀኑ አያለሁ፤ ጫማዬን ሳላራግፍ አላጠልቅም። በኪሴም የስኳር ታማሚ መሆኔን የሚናገር ወረቀት በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ይኖራል።

እንዲህ ያለ ነገር የጀመርሁ እኔ ብቻ አይደለሁም። በአሜሪካ ቱር ደ ኪዩር በሚባል የቢስክሌት ጉዞ ታማሚዎች ከጤነኞች ጋራ እየተጓዙ ለስኳር ሕመም ገንዘብ ይሰበስባሉ። ኖቮ ኖርዲስክ የተባለው ቡድን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ነጂዎቹ በሙሉ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሆነው ከታላላቅ ባለሙያዎች ጋራ ይወዳደራል። የእኛም አገር ለቢስክሌት እንግዳ አይደለችም፤ እነ ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ተወዳድረዋል፤ ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኖአል። ከሁሉ በላይ ግን የሚያጽናናኝ የመድኃኒቱ ታሪክ ነው። ባንቲንግና ቤስት በካናዳ ኢንሱሊንን ያገኙት በ1913 ዓ.ም. ነው፤ በጥር 1914 ዓ.ም. አንድ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው ሆኖ ተወጋና ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ከዚያ በፊት የጎረቤቴን ልጅ የመሰለች ሁሉ ትሞት ነበር። ለዓለም የስኳር ሕመም ቀን የተመረጠው የባንቲንግ የልደት ቀን ነው፤ በእኛ ኅዳር 5 ቀን ገደማ ይውላል፤ ጉዞአችንንም ያቀድነው በዚያ ሰሞን ነው።

ባለፈው እሑድ ከአንድ ወዳጄ ጋራ እንደ ገና ወጣሁ። አራት ጊዜ አረፍን፤ ሁለት ጊዜ ስኳር ጠጣሁ፤ በመጨረሻ ግን ደንገጎ ደረስን። ወደ ኋላዬ ዞሬ ብመለከት ድሬ ዳዋ ከታች በጭጋግ መካከል ተዘርግታለች፤ የደቻቱ አሸዋ እንደ ነጭ መቀነት መካከሏን አቋርጦ ይታያል። ከፊታችን በ1990ዎቹ ዓመታት ውኃው ደርቆ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ፥ አወዳይና ሐረር ይቀሩናል፤ እነርሱን ገና አልሞከርኋቸውም። በኅዳር ሐረር እንገባለን ብዬ አልምልም፤ በየኪሎ ሜትሩ የሚሰጠው ገንዘብ ግን እስከ ደረስንበት ድረስ የልጆቹ ነው።

ያችን አሮጊት በመንገድ ዳር አገኘኋቸው። ብርቱካን ገዛሁ፤ ዛሬስ ይከፈላል፥ ድነሃልና፥ ብለው ዋጋውን ተቀበሉኝ።

ወላጆች ሆይ፥ በቤታችሁ ጥም የጸናበት፥ ሽንት የበዛበት፥ ያለ ምክንያት የከሳ ልጅ ወይም ሽማግሌ ቢኖር በሙቀት አታሳብቡ፤ ፈጥናችሁ አስመርምሩ። በመንገድም እየተንቀጠቀጠ ላብ ያጠመቀው ሰው ብታገኙ፥ ሰካራም ነው ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት ጠይቁት፤ መዋጥ የሚችል ከሆነ ጣፋጭ ስጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳታደርጉ ወደ ሐኪም አድርሱት። ምናልባት ልጆች በቤቱ የሚጠብቁት አባት ይሆናል።