ስለ ጆሮ ጩኸትና ስለ ራስ ማዞር

ስለ ጆሮዬ ነገር ለሰው ሳልናገር ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። አሁን ግን ከአገሬ ከሮቢት የመጣ አንድ ደቀ መዝሙር እኔ እንደ ወደቅሁት ሆኖ ሲወድቅ ስላየሁ፥ ዝም ማለቱ በደል መስሎ ታየኝና ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

የተወለድሁት በራያ ቆላ ነው። ገና ፊደል ሳልቈጥር፥ ጉንፋን በያዘኝ ቍጥር ግራ ጆሮዬ ሌሊቱን ሲወጋኝ ያድርና በማግሥቱ መግል ሲፈስ ሕመሙ ይተወኝ ነበር። እናቴ፥ ነፍሷን ይማርና፥ የጤና አዳም ጭማቂ ታፈስልኝ ነበር፤ ጎረቤቶቻችንም «ሲያድግ ይተወዋል» ይሉ ነበር። በእውነትም ካደግሁ በኋላ መግሉ ደረቀ፤ ጩኸቱ ግን ቀረ። በማሽላ አዝመራ መካከል ሌሊት እንደሚሰማው የነፍሳት ድምፅ ያለ ነው፤ ይህን በምጽፍበት ሰዓትም አለ።

ኋላ ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋድላ ወጣሁ። የቅኔ ትምህርት በጆሮ የሚገባ ስለ ሆነ፥ መምህሩ ሲነግሩ ያልሰማ ተማሪ ቆጠራ ወርዶ የሚቈጥረው የለውም። እኔም ቀኝ ጆሮዬ ወደ መምህሩ የሚሆንበትን ስፍራ እየፈለግሁ እቀመጥ ነበር። በግራዬ የጠራኝን ስለማልሰማ «ይህ የራያ ልጅ ኩሩ ነው» ይሉኝ ነበር። ደወል የተደወለ መስሎኝ ለማሕሌት ተነሥቼ፥ የቤተ ክርስቲያኑን በር ዝግ ያገኘሁባቸውም ሌሊቶች ጥቂት አይደሉም። በጨለማ ስሄድ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ግራ አዘነብላለሁ፤ በዝማሜም ጊዜ መቋሚያዬ ለሥርዐት ብቻ ሳይሆን ሦስተኛ እግር ሆኖኝ ኖሮአል።

አንድ ቀን ማለዳ ከጓደኞቼ ጋር ጠበል ወረድሁ። ውሃው ከራሴ ላይ በወረደ ጊዜ ምድር ዞረችብኝና ጮኬ ወደቅሁ፤ ዓይኖቼም ወዲያና ወዲህ ይመላለሱ ነበር አሉ። የቆሙት ሁሉ «መንፈስ አለበት» ብለው ፈረዱ። ሁለተኛም ሦስተኛም ብወርድ እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ወዲያ እኔ ራሴም አመንሁት። መንፈስ ያለበት ሰው በታቦት ፊት ሊቆም አይገባውም ብዬ፥ ዲቁና የተቀበልሁ ሳለሁ ቅስናን ተውሁ፤ መሪጌታ ሆኜ ቀረሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ አንድ የጆሮ ሐኪም በመብራት አየኝና «የኔታ፥ የጆሮዎ ታምቡር ተቀዷል። ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባበት ያዞርዎታልን?» አለኝ። ጠበሉን ሳልነግረው ይህን ስለ ጠየቀኝ ቃል አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በውስጠኛው ጆሮ፥ ቀንድ አውጣ ከሚመስለው የመስሚያው ክፍል አጠገብ፥ ውሃ የሞላባቸው ሦስት ቅስት ቧንቧዎች አሉ፤ ራሳችን ሲዞር በውስጣቸው ያለው ውሃ እየተንቀሳቀሰ መዞራችንን ለአንጎል ይነግራል። በቪየና ከተማ የነበረ ሮበርት ባራኒ የሚባል ሐኪም የበሽተኞችን ጆሮ በውሃ ሲያጥብ፥ ውሃው ቢቀዘቅዝ ሰውየውን ያዞረዋል፥ ከልክ በላይ ቢሞቅም ያዞረዋል፥ ዓይኑ ግን በተቃራኒው ወገን ይመላለሳል። ከዚህም ተነሥቶ፥ ብርዱና ሙቀቱ በቧንቧው ያለውን ውሃ እንደሚያንቀሳቅሰውና ሰውየው ቆሞ ሳለ የሚዞር እንደሚመስለው አስረዳ። ስለዚህም የ1914 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ወሬው የደረሰው በሩስያ የጦር ምርኮኛ ሆኖ ሳለ ነው። ታምቡሩ የተቀደደበት ሰው ውሃው ወደ ውስጥ ስለሚገባበት ነገሩ ይበረታበታል። በልጅነቴ በጎሊና ወንዝ ስዋኝ ያልዞረኝ፥ በቆላ ቀትር ውሃው ሞቅ ያለ ስለ ነበረ ይመስለኛል፤ የዋድላው ምንጭ ግን በማለዳ አጥንት ይሰብራል።

ነገር ግን ማዞርንና ጩኸትን ሁሉ በአንድ ቀዳዳ ማሳበብ አይገባም። በ1861 በፓሪስ ፕሮስፐር ሜንየር የተባለ ሐኪም፥ ከአንጎል የመጣ ይባል የነበረው ማዞር ከውስጠኛው ጆሮ ሊመጣ እንደሚችል ካስረዳ ወዲህ ብዙ ምክንያት ተገኝቶአል። ጆሮ ለብዙ ጊዜ ሲመግል መርዙ ወደ ውስጥ ዘልቆ የመስሚያውንና የሚዛኑን ሕዋሳት ይጐዳል፤ እነዚህም አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም። ጆሮ የማያደርስለትን ድምፅ አንጎል ራሱ አጕልቶ ሊሰማ ሲሞክር ጩኸት ይፈጠራል ይላሉ ብዙ ሐኪሞች። ሌላው ከታምቡሩ በስተኋላ ያለ ስፍራው የሚያድግ ቆዳ ነው፤ ኮሌስቴአቶማ ይሉታል። ይህ አጥንት እየበላ እስከ ሚዛኑ ቧንቧ ይደርሳል፤ ቢቈይም ወደ አንጎል ሊሻገር ይችላል፤ ምልክቱም የሚሸት መግል ነው። መድኀኒትም አለበት፤ ለሳንባ ነቀርሳ ይወጋ የነበረው ስትሬፕቶማይሲን ሚዛንን ይጐዳል፤ በእኛ ቆላ ለንዳድ የሚሰጠው ኪኒንም ጆሮ ያስጮኻል፥ ይኸኛው ግን መድኀኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። የደም ማነስም ያዞራል። ጾሙን የሚያሳብቡ አሉ፤ እኔን ግን በፋሲካም ይዞረኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መግለጫ፥ በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉድለት ከመቶ 60 ያህሉን ማስቀረት ይቻላል ብሎአል። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው ቃል ትዝ አለኝ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ጠበል ወርዶ በወደቀ ጊዜ ጓደኞቹ ከብበው «ጩኽ፥ ተናገር» ይሉት ነበር። ሰዎቹን ገለል አድርጌ ወደ ግራ ጆሮው ተጠጋሁ፤ ይሸት ነበር። በማግሥቱ ይዤው ወደ ወልድያ ሐኪም ቤት ሄድሁ፤ ከዚያም ወደሚቀደድበት ስፍራ ተላከ። አጥንቱን መብላት ጀምሮ ኖሮ ያን ቆዳ አወጡለት፤ የጠፋው መስማት ግን አልተመለሰም። እንዲህ ስል ጠበልን መንቀፌ አይደለም፤ እኔም እርሱም እንጠመቃለን። ነገር ግን አስቀድመን ቫዝሊን የነካ ጥጥ በጆሮአችን እናገባለን፥ አጥማቂውም ያውቁታል።

አሁን ልጁ ከእኔ ዘንድ ቅኔ ይማራል፤ ከጉባኤ ቃና አልፎ ዘአምላኪየ ጀምሮአል። የሁለታችንም ግራ ጆሮ ስለማይሰማ ጐን ለጐን ብንቀመጥ አንዳችን ሌላውን አይሰማም፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ተቀምጠን እነግረዋለሁ።