የማያጠራቅመው ሮቶ

በከተሞቻችን የውኃ ፈረቃን የማያውቅ የለም። ውኃ በመጣ ቀን ሮቶውን የሞላ ቤተሰብ ሳይጨነቅ ይሰነብታል፤ ያልሞላው ጀሪካን ይዞ ይዞራል። በኮምፒውተር ኔትወርክ ውስጥ ካሽ ፕሮክሲ የሚባለው ሰርቨርም ሥራው ይኸው ነው። አንዱ ተጠቃሚ ከኢንተርኔት ያወረደውን ፋይል ያስቀራል፤ ሌላው ያንኑ ሲጠይቅ መስመሩን ሳይነካ ከጓዳው ያቀርብለታል።

ሰበታ ውስጥ ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት የሥልጠና ቦታ ግን ነገሩ “ላም አለኝ በሰማይ” ሆኖ ነበር። 30 ሠልጣኞች በየላፕቶፓችን ኡቡንቱ ጭነናል። መስመሩ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ነው። ስኩዊድ የሚባለው ፕሮክሲም ተተክሏል። ሆኖም አፕዴት በሚጫንበት ቀን ሁሉ ነገር ቀጥ ይላል። ሊኑክስ ፈርምዌር የሚባለው ፓኬጅ ብቻውን ከ200 ሜጋባይት በላይ ነው። መስመሩን ለብቻው ያገኘ ሰው በ7 ደቂቃ ገደማ ያወርደዋል፤ ሠላሳችንም በየፊናችን ካወረድነው ግን ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ይህ 3 ሰዓት ደግሞ ለሁላችንም እኩል አይደለም። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ እኔ የምኖርባት ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም መንገዱ አላጠረም። ከሱሉልታ የምትመላለሰው ጓደኛችን አዲስ አበባን አቋርጣ ስለምትገባ ፋይሉ ሳያልቅ ላፕቶፗን ዘግታ ትነሣለች። ማታ ቤቷ ገብታ በራሷ የሞባይል ካርድ ከዜሮ ትጀምራለች።

ሁሉም ሰው “ኔትወርክ የለም” ይል ነበር። እኛ የፕሮክሲውን ሎግ ከፍተን አየን። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ጥያቄ “ሂት” ወይም “ሚስ” ተብሎ ይመዘገባል፤ ሂት ማለት ከጓዳ ተገኘ፣ ሚስ ማለት ከውጭ መጣ ነው። ትንንሾቹ ፓኬጆች ሂት ናቸው። ትልልቆቹ ግን ለሃያኛ ጊዜ ሲጠየቁም ሚስ! ጥፋቱ የመስመሩ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

አንደኛ፣ ስኩዊድ ካልታዘዘ በስተቀር ከ4 ሜጋባይት የሚበልጥ ፋይል ዲስክ ላይ አያስቀምጥም። ማክሲመም ኦብጀክት ሳይዝ የሚባለውን ገደብ ወደ 1 ጊጋባይት ከፍ አደረግነው። ሁለተኛ፣ ይህ ትዕዛዝ ካሽ ዲር ከሚለው የዲስክ ማከማቻ መስመር በላይ መጻፍ አለበት፤ በብዙ የስኩዊድ እትሞች ከበታች ከተጻፈ ማከማቻው በድሮው ገደብ ይቀጥላል። ሦስተኛው ነገር ነው እኔን በጣም የገረመኝ። ተጠቃሚው መሐል ላይ ካቋረጠ፣ ሊያልቅ ጥቂት ካልቀረው በስተቀር፣ ስኩዊድም ማውረዱን ያቆማል፤ የወረደውም ይጣላል። ጓደኛችን ታክሲ ለመያዝ በተነሣች ቁጥር ሮቶው ይደፋ ነበር! ክዊክ አቦርት ሚን የሚባለውን ቁጥር ኔጌቲቭ 1 ስናደርገው ፕሮክሲው ሰው ቢሄድም ማውረዱን የሚጨርስ ሆነ። በማግሥቱ ጠዋት ያቋረጠችው ፋይል ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ገባላት።

በእርግጥ ይህ መድኃኒት ለሁሉም አይሠራም። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ የተመሰጠረ ስለሆነ ተራ ፕሮክሲ ውስጡን ሊያይ፣ ሊያስቀርም አይችልም። የኡቡንቱ ፓኬጆች ግን ብዙ ጊዜ ባልተመሰጠረ ኤችቲቲፒ ይመጣሉ፤ እንዳልተነካኩ የሚረጋገጠው በዲጂታል ፊርማ ነው።

ውድ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች፣ ፕሮክሲ ተተክሏል ማለትና ፕሮክሲ ይጠቅማል ማለት ይለያያሉ። ትንሹን ፋይል ማንም በሰከንድ ያወርደዋል። ሮቶ የሚያስፈልገን ለትልቁ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቆሞ መጠበቅ ለማይችለው፣ ቤቱ ሩቅ ለሆነው ሰው።