ስማቸውን ለመጻፍ ያደርንባት ሌሊት

እኛ ጃፓን አገር በትምህርት ላይ የምንገኝ ሁለት ኢትዮጵያውያን ነን። ያለችን ኮምፒዩተር አንዲት አሮጌ ናት፤ ዕድሜዋ ስለ ገፋ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ ጭነንባታል። የማደሪያችን ኀላፊ የነበሩት እመቤት ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ እናት ጠብቀውናል። ጡረታ ወጥተው በማግሥቱ ጠዋት እንደሚሄዱ የሰማነው ግን ከመሸ በኋላ ነው። ያለ ምስጋና ደብዳቤ ብንሰናበታቸው ውለታ ቢሶች መሆናችን ነበር።

«ታዲያ በእጃችሁ አትጽፉም ነበር?» የሚለን አይጠፋም። ነገሩስ እውነት ነው፤ ነገር ግን የጃፓን መንግሥት በ2010 እ.ኤ.አ. ለዘወትር አገልግሎት የመደባቸው ካንጂዎች ብቻ 2,136 ናቸው። እኛም ስናያቸው እናውቃቸዋለን እንጂ በብዕር ጻፉ ስንባል እጃችን ይከዳናል። ይልቁንም የሰው ስም ያስቸግራል፤ ሳይቶ የሚለው የቤተሰብ ስም እንኳ በልዩ ልዩ ካንጂ ይጻፋል። የታላቅ ሰው ስም አበላሽቶ ከመጻፍ ዝም ማለት ይሻላል።

ስለዚህ ከኪቦርዶች ዝርዝር «ጃፓንኛ» የሚለውን መርጠን መጻፍ ጀመርን። የወጣው ግን የላቲን ፊደል ብቻ ሆነ። ይባስ ብሎ ሺፍትን ይዘን 2 ቁጥርን ስንጫን የጥቅስ ምልክት መጣ። አንደኛችን «ሁሉንም አጥፍተን እንደገና እንጫን!» አለ። ሁለተኛችን ፎንት የጠፋ መስሎት እኩለ ሌሊት እስኪሆን ፎንት ሲያወርድ ቆየ። የጃፓን ጋዜጣ በዚያችው ኮምፒዩተር ዘወትር እንደምናነብ ማን ያስታውስ! ፎንት ቢጎድል ኖሮ በፊደሉ ፈንታ «ቶፉ» የሚባሉት ባዶ ሣጥኖች በታዩን ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከገዛ ቋንቋችን ነው። በዚያችው ኮምፒዩተር አማርኛ ስንጽፍ የ«ል»ንና የ«ኧ»ን ድምፅ በላቲን ፊደል እንመታለን፤ «ለ» ይወጣል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። ጃፓንኛ ግን ሁለት እርምጃ አለው። ድምፁ መጀመሪያ ሂራጋና ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ከመዝገበ ቃላት ተፈልጎ ወደ ካንጂ ይለወጣል። «ሀሺ» ቢሉ ድልድይም ነው፣ የመመገቢያ እንጨትም ነው፣ ጠርዝም ነው፤ መራጩ ጸሐፊው ነው። እንግዲህ የቁልፎች አቀማመጥ ብቻውን ምን ያደርጋል? እኛ የመረጥነው «ጃፓንኛ» ጃፓኖች በኪቦርዳቸው ላይ ምልክቶችን የሚያስቀምጡበት ሥርዓት ብቻ ኖሯል! ለዋጩ ሞተር ሌላ ነው፤ እርሱም ጉግል በ2010 እ.ኤ.አ. ምንጩን ለሕዝብ የከፈተው ሞዝክ ነው። በእርሱና በምንጽፍበት ገጽ መካከል አይባስ የተባለው አገናኝ ይቆማል። አይባስ ነበረን፤ ሞዝክን ግን ከነጭራሹ አልጫንነውም።

ጫንነው፤ ከኮምፒዩተሩም ወጥተን እንደገና ገባን። በዝርዝሩ ውስጥ «ጃፓንኛ (ሞዝክ)» የሚል አዲስ ስም አገኘንና መረጥነው። አሁንም ላቲን! በዚህን ጊዜ ኮምፒዩተሯን በመስኮት ለመወርወር ጥቂት ቀረን። ኋላ ከላይ ያለውን ምልክት ስንከፍት ሞዝክ በ«ቀጥታ አጻጻፍ» ላይ እንደ ቆመ አየን። ወደ ሂራጋና አዞርነው። የእመቤቲቱን ስም ጽፈን ረጅሙን የክፍተት ቁልፍ ስንጫን ዝርዝር ወረደልን፤ በበራቸው ላይ ዕለት ዕለት ስናየው የኖርነው ስም ሦስተኛው ነበር።

ቶሺባ በ1978 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የመጀመሪያው የጃፓንኛ ወርድ ፕሮሰሰር ዋጋው 6,300,000 የን ነበር። ለእኛ ይኸው ሥራ በነጻ ተሰጥቶናል። ታዲያ ሌሊቱን የፈጀብን ማጣት አልነበረም፤ የጎደለውን ሳንለይ ለማፍረስ መቸኮላችን ነው። ከእኛ በኋላ የምትመጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ በቅደም ተከተል ጠይቁ፦ ፊደሉ ይታያል ወይ? ለዋጩ ሞተር ተጭኗል ወይ? ተመርጧል ወይ? በሂራጋና ላይ ነው ወይ?

ጠዋት ደብዳቤውን በሁለት እጃችን ሰጠናቸው። ሻንጣቸውን አስቀምጠው በቆሙበት አነበቡት፤ ከዚያም ስማቸው ወደ ተጻፈበት ወደ ላይኛው መስመር ተመለሱ።