ታምቡርና ዲስክ

ሰው ስለ መኪና ሲያወራ የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩን ጉልበትና የፍጥነቱን ነገር ነው። የሚያቆመውን ኃይል የሚያስታውሰው ግን እግሩ ከፔዳሉ ጋር ወደ ወለል የሰመጠ ዕለት ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ዝናቡ ባባራበት በአንድ የመስከረም ቀን፣ ያ ዕለት በአንድ ጡረተኛ መምህር ላይ ደረሰ።

እኒህ መምህር ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት የተሽከርካሪ ጥገና ያስተማሩ ሰው ናቸው። መኪናቸው ላዳ ናት፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የአዲስ አበባን ሕዝብ ለአሥርተ ዓመታት ስታመላልስ የኖረችው፣ ዛሬ ግን ቁጥሯ የተመናመነው የዚያች ታክሲ እኅት። በዕለቱ ቁልቁለቱን በሦስተኛ ማርሽ፣ እግራቸውን ከፍሬኑ ሳያነሡ ይወርዱ ነበር። ከአንድ መታጠፊያ ሲወጡ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች በመንገዱ ጠርዝ ጎንበስ ብለው ተከታትለው ሲሄዱ አዩ። ፍሬኑን ሲረግጡ ፔዳሉ ላልቶ ወለሉን ነካ። ደጋግመው ረገጡት፤ የእጅ ፍሬኑን ሳቡት፤ ማርሹን ወደ ሁለተኛ አወረዱት፤ በመጨረሻም የመኪናዋን ጎን በመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር አሻሽተው አቆሟት። ከሁሉም ኋላ የነበረችው ሴት የተሸከመችው ጭራሮ ከመኪናዋ አፍንጫ የሚርቀው አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ዞር ብላ አየቻቸውና «እግዜር አወጣን» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

መምህሩ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ሲነጋ ግን ፍርዳቸውን ሰጥተው ነበር። ጥፋተኛው የኋላው ታምቡር ነው፤ ስለዚህ ታምቡሩ ወርዶ በምትኩ ዲስክ መግባት አለበት፤ ሥራውም በገዛ ግቢያቸው፣ በገዛ እጃቸው መሠራት አለበት።

ለፍርዳቸው ምክንያት አላጡም። የታምቡር ፍሬን ማለት ድስት በመሰለ ብረት ውስጥ የተቀመጡ፣ ሸራ የለበሱ ሁለት ግማሽ ክብ ብረቶች ናቸው። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይቱ ይገፋቸውና ወደ ውጭ ተከፍተው የታምቡሩን የውስጥ ግድግዳ ያሻሉ። ፍትጊያው ሙቀት ይወልዳል፤ ታምቡሩም ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይሸሻል፤ ሙቀቱ በዚያ በተዘጋ ቤት ውስጥ ቶሎ መውጫ አያገኝም። ዲስክ ግን በግልጥ አየር ላይ የሚዞር ሳሕን ነው። ከግራና ከቀኝ ሸራ ይነክሰዋል፤ ሲግል ወደ ሸራው ይወፍራል እንጂ አይሸሽም፤ ነፋስም ስለሚያገኘው ፈጥኖ ይቀዘቅዛል።

በእርግጥ ሁለቱ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። በ1902 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ የታምቡሩን ፍሬን ሲያበጅ፣ እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ላንቸስተር በዚያው ዓመት ለዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ይሁን እንጂ ታምቡር መንገዱን ለግማሽ ምእተ ዓመት ያህል ገዛው። በ1953 እ.ኤ.አ. ዲስክ የገጠመ ጃጓር በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ካሸነፈ፣ በ1955ም ሲትሮየን ዲ ኤስ የፊት ጎማዎቹን በዲስክ አስይዞ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ግን ዘመኑ ወደ ዲስክ አዘነበለ።

ላዳ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ምዕራፍ አላት። እናቷ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣችው የኢጣሊያ ፊያት 124 ስትሆን፣ እርሷ በአራቱም ጎማዎቿ ዲስክ ነበራት። ሶቪየት ኅብረት ይህችን መኪና በቮልጋ ወንዝ ዳር ባለችው በቶልያቲ ከተማ ለመሥራት ተዋውላ በ1970 እ.ኤ.አ. ማምረት ስትጀምር ግን መሐንዲሶቹ ብዙ ነገር ለውጠው ነበር። በአገራቸው ሸካራ መንገድ ላይ በተደረገው ፈተና የኋላ ዲስኮቹ ከጎማው በሚረጨው ጭቃና አሸዋ ፈጥነው አለቁ። ስለዚህም ከኋላ ዲስኩን አውጥተው ታምቡር አገቡ። መምህሩ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻቸው ደጋግመው አውርተዋል። አሁን ግን እነዚያ መሐንዲሶች አስበውና ፈትነው የለወጡትን መልሰው ሊለውጡ ተነሡ።

ከሶማሌ ተራ፣ ከኋለኛዋ በፊት ጎማዎቿ ከምትነዳው ላዳ የፊት እግር የወለቁ ሁለት ዲስኮችንና ዲስኩን የሚነክሱትን ሁለት ካሊፐሮች ገዙ። ካሊፐሩን ከአክሱ ጋር የሚያያይዘውን ወፍራም ብረት በካርቶን ለክተው በቶርኖ ቤት አስቆረጡ፤ የዲስኩንም የመሐል ቀዳዳ በልኩ አስፋቁ። ከዚያም መኪናዋን በክሪክ አንሥተው፣ ከሥሯ ግንድ ደግፈው፣ ጎማውን ፈቱ። ጎረቤታቸው የሆነ ወጣት በየምሽቱ እየመጣ ፋኖስ ይይዝላቸው ነበር። እርሱም በላዳ ታክሲ የሚተዳደር፣ እናቱን የሚጦር ልጅ ነው።

ታምቡሩ ሲወርድ ልጁ ውኃ ሊቀዳ ሄዶ ስለ ነበር ያዩትን ነገር ያዩት መምህሩ ብቻቸውን ናቸው። በግራው ጎማ ውስጥ ያለው የትንሿ ፖምፓ ጎሚኒ ተሰነጣጥቆ ዘይት ያፈስስ ነበር። ዘይቱ ሸራውን አርሶ፣ አቧራውን አቡክቶ፣ እንደ ጥቁር ሊጥ አድርጎታል። እንዲህ የራሰ ሸራ አይዝም። የኋላው ድርሻውን ሳይሠራ ሲቀር ሸክሙ ሁሉ በፊት ዲስኮች ላይ ወድቋል። መምህሩ ኮፈኑን ከፍተው የዘይቱን ማሰሮ ተመለከቱ፤ ደረጃው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ቀለሙም ቡና ሆኗል። ዘይቱ የተቀየረበትን ዓመት ለማስታወስ ቢሞክሩ አቃታቸው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት ሦስት የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይታገሣል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ሊተማመኑበት የሚቻለው እስከ 140 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ የጋለ ዲስክ ይህን ያረጀ ዘይት ያፈላዋል። ዘይት ሲጨመቅ አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ እግር የሚገፋው እንፋሎቱን እንጂ ሸራውን አይሆንም። እነሆ፣ በእንጦጦ ቁልቁለት መኪናዋን ከልካይ ያሳጣት የታምቡሩ ጠባይ ሳይሆን ያልተቀየረ ዘይት፣ ያልተለወጠ ጎሚኒና በሦስተኛ ማርሽ መውረድ ነበር። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ፣ ቁልቁለትን በሞተር ያዙ እያሉ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት ደግሞ እኒያው መምህር ናቸው።

በዚያች ሰዓት ሥራውን ሊያቆሙ ይችሉ ነበር። ሆኖም ወጣቱ ባልዲውን ይዞ ሲመለስ የራሰውን ሸራ በጨርቅ ጠቅልለው ከሞርሳው ሥር ሸሸጉት። «ምን አገኙ ጋሼ?» ቢላቸው፣ «ያው እንዳልኩህ ነው፤ ታምቡር የድሮ ነገር ነው» አሉት። ከዚህ በኋላ የተሠራው ሥራ ለመኪናዋ ሳይሆን ለዚህች ቃል ማስተባበያ የተሠራ ነው።

ሰሚያክሱ ከነኩሽኔታው ተስቦ ወጣ፤ የታምቡሩ መደገፊያ ሳሕን ወርዶ አዲሱ ብረት በአራቱ ቡሎኖች ታሰረ፤ ዲስኩ ገባ፤ ካሊፐሩ ነከሰው፤ አዲስ ዘይት ተሞልቶ አየሩ ወጣ። ሲያልቅ ለዐይን ያማረ ሥራ ሆነ። በጎማው ቀዳዳ የሚያብለጨልጨውን ዲስክ ያየ የሠፈር ሰው ሁሉ አደነቀ።

እሑድ ማለዳ፣ ሰው በሌለበት ደልዳላ መንገድ ላይ ፈተኗት። ፔዳሉ ከቀድሞው ጠልቆ ይሄዳል፤ ምክንያቱም የካሊፐሩ ፒስተን ከጥንቷ ትንሽ ፖምፓ እጅግ የሰፋ ስለሆነ ብዙ ዘይት ይፈልጋል። ጠበቅ አድርገው ሲረግጡ ደግሞ የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ ቀድመው ደረቁና መኪናዋ ጭራዋን ወደ ጎን ወረወረች። ይህም ከሕጉ የወጣ አልነበረም። መኪና ስትቆም ክብደቷ ወደ ፊት ይጋደማል፤ ኋላዋ ይቀልላል፤ የማቆሙን ሥራ አብዛኛውን የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ናቸው። ላዳ ከኋላ አክሷ በላይ ጭራዋ ከፍ ሲል ወደ ኋላ የሚሄደውን የዘይት ግፊት የምትቀንስ ሚዛን አለቻት። ሚዛኗ የተስተካከለችው ግን ለታምቡሩ ነው፤ የፊት እግር ካሊፐር ከኋላ ሲገባ የምታውቀው ሒሳብ ፈረሰባት። የእጅ ፍሬኑም ገመድ የሚስበው ነገር አጥቶ ተንጠለጠለ። በዳገትና በቁልቁለት በተሠራች ከተማ ውስጥ መኪናቸውን ባቆሙ ቁጥር ከጎማው ሥር ድንጋይ ማስገባት ግድ ሆነባቸው።

ዲስክ ከታምቡር ያንሳል ማለት አይደለም። ከኋላ ዲስክ የሚያስገቡ ፋብሪካዎች ዋናውን ፖምፓ፣ ሚዛኑንና የእጅ ፍሬኑን አብረው ለክተው ነው። ፍሬን የአራት ጎማዎች ስምምነት ነውና፣ አንዱን ክፍል ለብቻው ማሻሻል ስምምነቱን ማፍረስ ሊሆን ይችላል።

መምህሩ ይህን ሁሉ በልባቸው ይዘው፣ ሚዛኗን ላስተካክል፣ ገመዱን ልቀጥል እያሉ አንድ ሳምንት ቆዩ። በሳምንቱ መጨረሻ ወጣቱ የተጠቀለለ ገንዘብ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ የኔንም እንዲህ ያድርጉልኝ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ሰው ጭኜ ነው የምወርደው» አላቸው።

መምህሩ ገንዘቡን አዩት፤ ልጁንም አዩት። ከዚያም ከሞርሳው ሥር ጎንበስ ብለው ጥቅሉን አወጡና በፊቱ ፈቱት። «ልጄ፣ ዋሽቼሃለሁ» አሉት። «የዚያን ዕለት እኔን የጣለኝ ይህ ነው። ጎሚኒው አፍስሷል፤ ዘይቱን ስንት ዓመት አልቀየርኩትም፤ ቁልቁለቱንም በሦስተኛ ማርሽ ወረድኩ። ዲስኩን ያስገባሁት ጥፋቴን ለመሸፈን ነው። አሁን መኪናዬ ከቀድሞዋ የባሰች ሆናለች።»

ወጣቱ ሸራውን በጣቱ ነካ፤ ጣቱንም አሸተተ። ቆየት ብሎም፣ «ጋሼ፣ የኔ ዘይት ምን ይመስል ይሆን?» አለ።

ሄደው የታክሲውን ኮፈን ከፈቱ። ያም ዘይት ቡና መስሎ ነበር።

በማግሥቱ ሁለቱ ላዳዎች በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ቆሙ። ዲስኮቹ ወርደው ታምቡሮቹ ተመለሱ፤ በሁለቱም መኪናዎች ላይ አዲስ ጎሚኒ፣ አዲስ ሸራና አዲስ ዘይት ገባ። የጠፋው ገንዘብ ዲስክና ካሊፐር ሊገዛበት ከነበረው ጥቂቱ ነው። መምህሩ ዘይቱ የተቀየረበትን ቀን በነጭ ቀለም ማሰሮው ላይ ጻፉ፤ ወጣቱም ቀለሙን ተቀብሎ በራሱ ማሰሮ ላይ ጻፈ። ሁለቱን ዲስኮች መምህሩ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ወሰዱና ለተማሪዎች መማሪያ ሰጡ። የሰጡበትን ምክንያት ለክፍሉ ሲያስረዱ የእንጦጦን ቁልቁለትና በጨርቅ የተጠቀለለውን ሸራ አላስቀሩም።

አሁንም አልፎ አልፎ ወደ እንጦጦ ይወጣሉ። ሲወርዱ ማርሹ ሁለተኛ ላይ ነው፤ እግራቸውም ፍሬኑን የሚነካው በየመታጠፊያው ብቻ ነው። ሸክም ያጎበጣቸው ሴቶች ከፊት ሲታዩአቸው ገና ከሩቁ ያቆማሉ፤ የመጨረሻዋ ሴት እስክታልፍም ይጠብቃሉ።